የታች ጥርሶቼና የእኔ ሞረድ

ጥቅምት 12

አይነቀልም! አንድም ጥርሴ አይነቀልም! አንድም!

...እንደምን ከረምሽ እንኳ ሳልል ነው ደብተሩን የገለጥኩት። ደግሞ ደብተር ሰላም ይባላል እንዴ? ደስታ ያጃጅላል።

በሥርዓት ልጻፈው። የታች ጥርሶቼ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፋሪ ናቸው። አንዱ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፣ አንዱ በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ወጥቷል፣ አንዱ ደግሞ ከኋላ ተደብቆ ምላሴን ይቆርጣል። ሦስት ሐኪም አየሁ። የመጀመሪያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "አንድ እንነቅላለን" አለ። ሁለተኛው "ሁለት" አለ። ጨረታ መስሏቸው ይሆን? ሦስተኛዋ ልጅ እግር ናት፤ ፀጉሯን እንደ ተማሪ ወደ ኋላ ጠፍራለች። ራጁን አየች፣ አየች፣ አየች... እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር። ከዚያ፦

"እናቴ፣ መንቀል አያስፈልግም። በጥርሶችዎ መሃል ትንሽ ትንሽ እንሞርድና ቦታ እንፈጥራለን። ከዚያ ሽቦው ይሰበስባቸዋል።"

እንሞርዳለን! ለእኔ! ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፍ ስሞርድ ለኖርኩት! ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያህል ነው የሚወስዱት?" አልኳት፣ እንደ ባለሙያ።

"ዜሮ ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር። አንዳንዱ ቦታ ላይ ከዚያም ያነሰ።"

እሺ፣ ልኩን ታውቃለች። "እናቴ" ያለችውን ግን አልወደድኩላትም። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። እሷን ያማጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰው ለአንድ ጥርስ ይሄን ያህል ይፈነድቃል? አዎ፣ ይፈነድቃል። እማ በአርባ አራት ዓመቷ ጥርሶቿን በሙሉ በአንድ ጠዋት ተነቅላ መጣች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትይዝ ነበር። ኋላ ኋላ መሳቁንም ተወችው። ያኔ ነው የማልኩት... ከእኔ አፍ አንድም ጥርስ በሰው እጅ አይወጣም ብዬ።

ይኸው አይወጣም!

ጥቅምት 15

እትዬ መጣች። ታላቄ ናት፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ በአፍ ግን መቶ። የምሥራቹን ነገርኳት። ፊቷ የኮመጠጠ ነገር የቀመሰች መሰለ።

"ጥርስ ይሞረዳል? በር ነሽ?"

"ቁልፍ ነኝ።"

"ቀልጂ! የተሞረደ ጥርስ ይበሰብሳል።"

"ማን አለ?"

"ማንም አላለም። ይታወቃል።"

ይታወቃል! የእትዬ መጽሐፍ አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ላይ "ይታወቃል" ተብሎ ተጽፏል። ቀጠለች። በዚህ ዕድሜሽ፣ አፍሽን በብረት አጥረሽ፣ ሰው ምን ይላል፣ ለማን ልትስቂ ነው...

"ለአንቺ" አልኳት። "አንቺን እያየሁ ሳቄን አፍኜ ነው የኖርኩት።"

ተቆጥታ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመችና ቀስ ብላ "ምናለ ባትነኪያቸው" አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ። ምን ሆና ነው? ቅናት ነው። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ጥቅምት 26

ብረቱ ገባ! ከዳር እስከ ዳር፣ በታች በኩል።

የመጠበቂያ ክፍላቸውን ግን ማየት ነው። አበባው የላስቲክ፣ አቧራው የእውነት። መጽሔቶቹ ላይ ያሉት ሙሽሮች እስካሁን የልጅ ልጅ ሳያዩ አይቀሩም። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጉርምስና ያልጨረሰ ልጅ ነው። አንዲት እናት ወዲያ ወዲህ አየችና "የእርስዎ ልጅ ገብታ ነው?" አለችኝ።

"ልጅቷ እኔ ነኝ" አልኳት። ቦርሳዋን ሰብስባ ራቅ አለች። ይጋባል መሰላት?

ሁለት ሰዓት ሙሉ አፌን ከፍቼ ተኛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም። ዶክተሯ ዕድለኛ ናት።

ኅዳር 4

ባለቤቴ ዛሬ ራት ላይ ቀና ብሎ "አፍሽ ውስጥ የሆነ ነገር አለ?" አለኝ። ስምንተኛ ቀኑ! የሚነዳው አውቶቡስ ላይ ግን ጭረት ስትወጣ በእንቅልፍ ልቡም ይታወቀዋል።

ኅዳር 24

ዛሬ ተሞረድኩ።

አያምም። መጀመሪያ ይሄን ልጻፍ፣ እትዬ አሥር ሌሊት ስታስፈራራኝ ስለከረመች። አያምም። ድምፁ ግን... በጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ በአናት ውስጥ ነው። ቁልፎቼ ይሄን ነው ሲሰሙ የኖሩት? ምስኪኖች።

መሣሪያዋ ሞረድ እንኳ አይደለም። እንደ ሪባን የሳሳ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ብረት ነው። በሁለት ጥርስ መሃል ታስገባና ትስባለች። ሁለት ጊዜ ሳብ፣ ትለካለች። ሁለት ጊዜ ሳብ፣ ውሃ፣ ትለካለች። መለኪያዋ የእኔው ዓይነት ነው፣ እንደ ቅጠል የሳሳች ብረት። አያያዟ ግን! ፈራ ተባ፣ ፈራ ተባ። እኔ እንደዚያ ብሠራ ደንበኛው ደጄ ላይ ቆሞ ይሸብት ነበር።

አላስችል አለኝ። ጥጡን ሲያወጡልኝ፣ "ዶክተር፣ ሞረድ ወደ ፊት ሲገፋ ነው የሚበላው፤ ሲመለስ ከፍ ይደረጋል" አልኳት።

"ይሄ በሁለቱም በኩል ነው የሚበላው፣ እናቴ።"

"እንደዚያ ከሆነማ በእጥፍ መፍጠን ነበረበት።"

ሳቀች። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?"

ሰምቻለሁ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ በምርኩዝ ልሄድ ነው!

ኅዳር 25

ሰዓት ሠሪው ጎረቤቴ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ መጣ። የእኔና የእሱ ሱቅ ከፎቁ ደረጃ ሥር ግድግዳ ተጋርተው ነው ያሉት፤ እኔ ሳስነጥስ የእሱ ሰዓቶች ይቆማሉ።

"እስቲ ክፈቺ ጎረቤት... ሥራው የት አለ? ምንም አልወሰደችም እኮ!"

"እንደዚያ ነው እኔም ያልኩት!"

"ለእኔ በሰጠሽኝ። የሰዓት ጎማ ላይ ስንት ጥርስ አለ መሰለሽ? ስሞርድ ነው ዕድሜዬ ያለቀው።"

"ለአንተ ከምሰጥህ ራሴ እሠራው የለም ወይ?"

ሳቅን። ቀልድ ነው... ግን ደግሞ እውነት አይደለም? በዚህ ሰፈር ከእኔ የተሻለ ሞረድ የያዘ እጅ አለ?

ታኅሣሥ 22

ሁለተኛው ሙረዳ። አሁን ክፍተቶቹ ለምላሴ ይታወቃሉ። ወደ ሱቅ ተመልሼ በራሴ መለኪያ አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ ጥንቅቅ ያለ። አንዱ ብቻ... በግራ በኩል፣ ከመሃለኛው ቀጥሎ ያለው፣ ቅጠሏ ብረት አልገባም አለች። ምንም አልተነካም!

እዚያው ወንበሩ ላይ እያለሁ ጠርጥሬ ነበር። በጣቴ እያሳየሁ "ኦህ ኦህ" አልኳት፣ አፌ ጥጥ ሞልቶ።

"እሱን ይተዉት" አለችና ቀጣዩን ተረኛ ጠራች።

ይተዉት! ረስታዋለች እንጂ። ቸኩላ ነው። ወጣት ሲባል እንዲሁ ነው፣ ሥራውን ሳይጨርስ "ቀጣይ!" ይላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

ጥር 3

እሑድ። ሱቁ ዝግ ነው፣ እኔ ግን ውስጥ ነኝ።

ሠራሁት!

የእጅ መስታወቴን ሞርሳው ላይ አሠርኳት፣ ቁልፍ ጨብጦ የሚይዝልኝ ብረት ላይ። ከሞረዶቼ ሁሉ የሳሳችውን፣ የሻንጣና የመሳቢያ ቁልፍ የምሠራባትን፣ በአልኮል አጠብኳት። ንጽሕና አውቃለሁ እኔ። ወደ ፊት ገፋ፣ ሲመለስ ከፍ። ስድስት ጊዜ። ለካሁ። አልገባም። አሥር ጊዜ ጨመርኩ። ገባ! ሰተት! እንዲያውም ለቀቅ ብሎ... ዜሮ ነጥብ ሦስት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሁሉም እኩል ነው። አንድ ቁልፍ አንዱ ጥርሱ ከልክ ከወጣ በሩ ላይ ይያዛል፤ ይሄን የማታውቅ ሐኪም ምን ሐኪም ናት? ለማንም አልናገርም። ራሷ ታይና ትደነቅ።

እጄን በዚህ ደብተር ላይ አመስግኜዋለሁ።

ጥር 4

ውሃ ጠጣሁና ጥርሴ አናቴ ድረስ ጠዘጠዘኝ። ብርድ ነው።

ጥር 9

ብርድ አይደለም።

ጥር 20

እንዴት እንደምጽፈው...

አፌን ከመክፈቴ የዶክተሯ እጅ ቆመ። መብራቱን አስጠጋች። መስታወቷን አዙራ አየች። ደግማ አየች።

"ይሄን ማን ነካው?"

"የቱን?" አልኩ። እኔ ደግሞ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"እናቴ፣ እኔ የሠራሁትን አውቀዋለሁ። ይሄ የእኔ እጅ አይደለም።"

ተናገርኩ። እሑዱን፣ ሞርሳውን፣ አልኮሉን... አልኮሉን ደጋግሜ ነው ያነሣሁት፣ እንደሚያድነኝ ሁሉ።

"በቁልፍ ሞረድ?! አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም?"

አንቱታው እዚያው ሞተ። አልፈረድኩባትም።

ራጁን ስክሪኑ ላይ አወጣችው። "ይሄን ነጭ ጠርዝ አየሽው? የጥርስ ጠንካራው ሽፋን ነው። በሌሎቹ ላይ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ብንወስድለት አይጎዳም። በዚህኛው ላይ ግን ከተፈጥሮው ስስ ነው። ለዚህ ነው የተውኩት። ረስቼው መስሎሽ ነው?"

ረስታው መስሎኝ ነበር።

"ሽፋኑን አልፈሽ ገብተሻል። ነርቩ ከሞተ ጥርሱን ላናድነው እንችላለን።"

"ማለት?"

"ሊነቀል ይችላል ማለት ነው።"

ከዚያ የሠራሁትን ቧጨራ አለሰለሰችው፣ የሆነ ቅባት ቀባችው፣ ሦስት ሳምንት ይታይ አለች። ሞረዴ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ የት ትሄዳለች? ተቀብላኝ በፋሻ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ከታችው። "ከፈለግሽ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ። እዚህ የምትመጪ ከሆነ ግን አፍሽ ውስጥ የሚሞርደው አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"እሺ" አልኩ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። እሺ!

ሁለት ሐኪም ጥርሴን ሊነቅል ሲነሣ አስቆምኩ... ሦስተኛዋ ነቃይ እኔ ሆኜ ልገኝ? ከሁለቱ ነቃዮች በምን እሻላለሁ? እነሱ እንኳ ተምረውበታል።

ጥር 22

ለእትዬ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። "ብዬሽ ነበር" ትለኛለች ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። እትዬ!

"እማን ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። የታመማት አንድ ጥርስ ብቻ ነበር። ጥርስ ነቃዩ ሌሎቹም መታመማቸው አይቀርም፣ አንዴ ይውጡና ትገላገል አለ። እማ ዞራ እኔን አየችኝ። አንቺ የተማርሽው ነሽ፣ ምን ትያለሽ? አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሰዓት ፈተና ነበረኝ። ቸኩዬ ነበር... ይውጡ አልኩ።"

ሠላሳ ስምንት ዓመት ይሄን ይዛ ኖራለች። እኔ ደግሞ ቅናት ነው ብዬ ጽፌአለሁ፤ እዚሁ ደብተር ላይ። አልሰርዘውም። ይቀመጥና ባየሁት ቁጥር ልፈር።

"ልጅ ነበርሽ እኮ" አልኳት።

"አንቺስ? አንቺም ልጅ ነሽ?" አለችና አፍንጫዋን ጠረገች። እትዬ ምንጊዜም እትዬ ናት።

የካቲት 2

ቀዝቃዛ አልጠጣም። ሙቅ አልጠጣም። ለብ ያለ ውሃ የሚባል ነገር ሰው እንዴት ይጠጣዋል?

ዛሬ የአንድ ሻንጣ ቁልፍ ስሠራ አሳለፍኩት። ብዙ ተወሰደ። እንደ ልማዴ ቆርቆሮው ውስጥ ወረወርኩትና ሌላ ያልተቀረጸ ቁልፍ አነሣሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። ቆርቆሮውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ግማሽ ድረስ ሞልቷል፣ የሳትኳቸው ሁሉ። ለካ እጄን ደፋር ያደረገው ችሎታ አይደለም። ብሳሳት አዲስ ማንሣት ስለምችል ነው! ያቺ ልጅ ሐኪም ግን ብትሳሳት ምን ታነሣለች? ሁለት ጊዜ ስባ የምትለካው ፈርታ መስሎኝ ነበር።

ሞኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሞረድኩ ሞኝ።

የካቲት 11

ቀኑ ደረሰ። እትዬ ሳልጠራት መጣች። "አንቺን ለብቻሽ የሚያምን የለም" አለችኝ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አቧራውን በጣቷ ጠርጋ አሳየችኝ፣ ወንበሩን ሰደበች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ የጥርስ ሥዕል "ይሄን አይቶ ማን ምግብ ይበላል?" አለች። እጇ ግን እጄን ይዞ ነበር። እሷም ሳታውቀው መሰለኝ።

ዶክተሯ በትንሽ ጥጥ ላይ የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ነፋችና፣ "ጥርሱን እነካዋለሁ። ከተሰማሽ እጅሽን አንሺ። ካልተሰማሽ... እንነጋገራለን" አለች።

ነካችው።

እጅ ማንሣት? ወንበሩን ለቅቄ ነው የተነሣሁት! ጩኸቴን ሰምታ እትዬ በሩን በርግዳ ገባች፣ "ነቀለችሽ? ነቀለችሽ?" እያለች።

ዶክተሯ ትስቃለች። "ቆይ፣ ሕመሙ ቶሎ ተወሽ?"

ሕመሙን ፈለግኩት። የለም። ብልጭ ብሎ ጠፍቷል።

"እንዲህ ነው የምንፈልገው። የሞተ ነርቭ አይጮኽም። ተቆጥቶ ወይም ሞቶ ቢሆን ኖሮ ወይ ዝም ይል፣ ወይ ሕመሙ አይለቅሽም ነበር። ጥርስሽ አለ።"

ጥርሴ አለ!

እትዬ የሐኪሟ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ወንበሩ ይዟት ሄደ፣ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ሦስታችንም ሳቅን። እያለቀስኩ ሳቅኩ... አፌን በምንም ሳልሸፍን፣ ከነብረቱ።

መጋቢት 8

ሦስተኛውና የመጨረሻው ሙረዳ። ዶክተሯ ስትስብና ስትለካ አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። አንድም ምክር አልሰጠሁም። ከባድ ቀን ነበር።

ሚያዝያ 17

ምላሴ ዛሬ አፌን ዞሮ ዞሮ የሚቆርጠው አጣ። ተደብቆ የነበረው ጥርስ ወጥቶ ከሰው እኩል ቆሟል። ባለቤቴን "ምን የተለወጠ ነገር አለ?" አልኩት። "ፀጉርሽ" አለኝ። ይሄን ሰውዬ ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠው?

ግንቦት 9

አንድ ቸኳይ ሰውዬ ደጄ ቆሞ፣ "ስንት ጊዜ ነው የምትለኪው? ቁልፍ ነው ወይስ ወርቅ?"

"ሁለት ገፋ፣ አንድ ለካ" አልኩት። "የቸኮለ በመስኮት ይግባ።"

ሰዓት ሠሪው በግድግዳው በኩል ሰምቶ "ዶክተሯ አሠለጠነችሽ!" ብሎ ተንከተከተ።

ማንም አላሠለጠነኝም። ድሮም እንዲሁ ነበርኩ። (ሐሰት። ቆርቆሮው ውስጥ ግን ካለፈው ወር ወዲህ የገባው ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው።)

ሰኔ 24

ወጣ! ብረቱ ወጣ! ወጣ!

ዶክተሯ መስታወቱን ሰጠችኝ። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ተሰልፈው! አንዱ የሌላውን እግር ሳይረግጥ! በጣቴ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ሆነው ጀመሩ፣ አሥራ አራት ሆነው ጨረሱ። ያ የግራው ጥርስ ላይ የሞረድኩበት ቦታ በቀጭን ነጭ ሙሌት ተደፍኗል፤ ካልነገርኩት ማንም አያውቀውም። እኔ ግን ለሁሉም እናገራለሁ። ለምን እደብቃለሁ? ይማሩበት።

ወደ ኋላ እንዳይመለሱ በውስጥ በኩል ቀጭን ሽቦ ለጥፋልኛለች። "ይሄን ደግሞ እንዳትነኪ" አለችኝ፣ ጣቷን ቀስራ።

"ዶክተር፣ የእኔ እጅ እንደ እርስዎ እጅ እስኪሆን ሌላ ሃያ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል" አልኳት። ከልቤ ነው። ቀላች። ልጅ ናት እኮ... ግን እጅ አላት!

ስወጣ እትዬ ደጅ ቆማለች። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። አየች፣ አየች። አንድ ነገር ልትል ነው፣ ትንሽ እንከን ፈልጋ... ጠበቅኩ።

"እማ ብታይሽ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚያ መንገድ ስንሻገር ራሷን አረመች፦ "አሁን ደግሞ ጭራሽ አፍሽ አይገጥምም።"

አይገጥምም! ስለዚህ ድግስ አለ። በመንገዴ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ጠርቻለሁ፣ የቀረውን ነገ በስልክ። ሰዓት ሠሪው ይመጣል፣ ማጉያውን ይዞ፤ አሁን "ሥራው የት አለ?" ይበለኛ! ዶክተሯ እሑድ አርፋለሁ ብላ ነበር፤ እዚህ መጥታ ትረፍ። ሁለቱ ነቃዮችም ደስ ካላቸው ይምጡ፣ አንድ በሉ ሁለት በሉ ቆመው ይቁጠሩልኝ። ባለቤቴን አልጠራሁትም፣ እዚያው ቤት ነው የሚኖረው፤ ካስተዋለ ይሳተፋል። የሚቀርበው የሚነከስ ነገር ብቻ ነው፣ ለውዝ፣ ጥሬ ካሮት፣ ፖም ከነልጣጩ። እትዬ ኬክ እጋግራለሁ ብላለች። የእትዬ ኬክ ድንጋይ ነው። ይምጣ!

ቀኑ እሑድ ነው፣ ሰኔ 28፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እኔ ቤት። ሁሉም ይምጣ።